ዘር ከልጓም አይስብም

ከአማርኛ ተረትና ምሳሌዎች ሁሉ «ዘር ከልጓም ይስባል» የምትለውን ያህል ሰው የጎዳች አላውቅም። ጎንደር ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማታል። የጎረቤት ልጅ ሰርቆ ሲያዝ ትነገራለች፤ የመሪጌታው ልጅ ቅኔ ሲዘርፍም ያችው ናት። ለስድብም ለሙገሳም እኩል ታገለግላለች። ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለዝምድና ነው ይባላል፤ ቆጠራው ግን መንገድ ላይ መልኩን ይለውጥና «እነማን ናቸው?» የሚል ምርመራ ይሆናል። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን «ቡዳ» የተባሉት በዚሁ ሕግ ነው። ነገሩ በደም ይወርዳልና ልጁ ሳይወለድ ተፈርዶበታል።

በነገራችን ላይ፣ ሰባት ቤት ወደ ላይ የቆጠረ ሰው በሰባተኛው ቤት 128 ቅድመ አያቶች ያገኛል። ከነዚህ ልጓሙን የጨበጠው የትኛው እንደሆነ ሲናገር የሰማሁት ሽማግሌ የለም። ሁልጊዜ የሚጠሩት ሁለት ሦስት ናቸው፤ እነሱም ወይ ደጃዝማች ወይ ሌባ ናቸው።

ዛሬ ተረቷ ነጭ ጋዋን ለብሳ መጥታለች። «በደሙ ነው» ይል የነበረው አሁን «ዲኤንኤው ውስጥ አለ» ይላል። የተማረው ሰው ከአያቱ የሚለየው በቃሉ ብቻ ነው፤ ሐሳቡ ያው ነው። በዘር የተጻፈ ይፈጸማል፣ የሚፈጸም ነገር ሁሉ በዘር የተጻፈ ነው ብሎ ያምናል።

ክርክሩን በተቃዋሚዬ ብርቱ ጎን ልጀምር። ገብስ ዘርቶ ስንዴ ያጨደ የለም። ዝናቡ ቢዘገይ፣ ውርጭ ቢመታው፣ ማሳው ዳገት ላይ ይሁን ረባዳ ላይ፣ የዳባት ገብስ ገብስ ሆኖ ይወጣል። የሰው ልጅም ከጠገበች እናት ይወለድ ከተራበች፣ ሁለት ዓይንና አምስት አምስት ጣት ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ጽናት ካለ፣ ይላል ተቃዋሚዬ፣ ከውስጥ የሚያዝዝ አንድ ኃይለኛ አለ ማለት ነው፤ እሱም ዘር ነው።

ጽናቱን እቀበላለሁ። አዛዡን ግን አልቀበልም። «ዘር» የሚለውን ቃል ለሰው ያዋሱት ገበሬዎች ራሳቸው እንዲህ አያስቡም። የወገራ ገበሬ ጥሩ ዘር ስለያዘ ብቻ አይተኛም፤ መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፣ ፍግ ይበትናል፣ ያርማል፣ ሲደክምበት ማሳውን ጦም ያሳድራል። ዘር ብቻውን የሚስብ ቢሆን ኖሮ በሬዎቹን ሸጦ ይገላገል ነበር።

ምስክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደረሳል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲገባ አምባራስ የምትባል መንደር አለች። ከባሕር ጠለል በላይ 3,530 ሜትር ላይ ናት። እዚያ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። የቆላ ሰው እዚያ ቢወጣና ቢከርም ሰውነቱ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ያበዛል፣ ደሙ ይወፍራል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች በዚሁ መንገድ ነው የሚኖሩት። 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ የአይማራ ወንዶች በአማካይ 19.2 ግራም ሄሞግሎቢን በአንድ ዴሲሊትር ደም ይይዛሉ። ይህ ዋጋ አለው። ደሙ ከልክ በላይ የሚወፍርባቸው አሉ፤ የፔሩው ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ በ1920ዎቹ የገለጸውና ዛሬም በስሙ የሚጠራው የተራራ በሽታ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር፣ ከነሱም አንዱ የአገራችን ሰው አምሃ ገብረመድኅን ነው፣ አምባራስ ላይ 236 ሰዎችን መረመሩ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 86 ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ደማቸው ሊሸከም ከሚችለው ኦክስጅን 95.3 በመቶውን ይዞ ነበር። ይህ በባሕር ጠረፍ የሚኖር ጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። የላብራቶሪ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሐኪም ሰውየው ከምጽዋ ይሁን ከአምባራስ መለየት አይችልም። ተራራው ከአየሩ አንድ ሦስተኛውን ነጥቋቸው፣ ደማቸው ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይኖራል።

«ይኸው!» ይላል ተቃዋሚዬ፣ በደስታ። «የደጋ ደም! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

ትንሽ ይታገሠኝ። በቲቤት ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችም ሄሞግሎቢናቸው እንዲሁ ከጠረፍ ሰው ብዙም አይርቅም፤ የወንዶቹ አማካይ 15.6 ነው። በቲቤታውያን ዘንድ ለዚህ ምክንያት ከሆኑት ዘረመሎች ሁለቱ ጎልተው ታውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች እነዚያኑ ዘረመሎች በኢትዮጵያውያን ላይ ፈተሹ። የቲቤት ምሥጢር እዚህ አይሠራም። ሌሎች ቡድኖችም ፈልገዋል፤ የጠቆሟቸው እጩዎች ብዙ ናቸው፣ እርስ በርሳቸውም አይገጣጠሙም። እንግዲህ አንድ ዓይነት ውጤት በሁለት ተራሮች ላይ በተለያየ ዘር ተገኘ። ውጤቱን የፈጠረው «ደሙ» ከሆነ የትኛው ደም ነው?

በዚሁ የ2012 ጥናት ውስጥ ያለ አንድ ነገር አልደብቅም፤ ዝም ብለው ለክርክር የሚመዝዙት እንደሚኖሩ አውቃለሁና። ተመራማሪዎቹ የሰሜን ደጋ ሰዎችን ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች 1,200 ሜትር ላይ ካለችው ከዛሪማ ሰዎች ጋር አነጻጽረው የሄሞግሎቢን ልዩነታቸው ትንሽ ሆኖ አገኙት። በባሌ ተራራ በሚኖሩ ኦሮሞዎችና በቆላ ወገኖቻቸው መካከል ግን ልዩነቱ ሰፋ። ይህን ልዩነት ይዞ ወደ ብሔር ሙግት የሚሮጥ ሰው ቀጣዩን ገጽ ማንበብ አለበት። በሰሜን ከፍታ ሰው ቢያንስ 5,000 ዓመት ኖሯል፤ ኦሮሞዎች ወደ ባሌ ከፍታ የወጡት ከ500 ዓመት ወዲህ ነው። በሁለቱም ቦታ ሰውነት ለተራራው መልስ ሰጥቷል፤ አንዱ የቆየ መልስ ነው፣ አንዱ የቅርብ። ዘር የለም፣ አይሠራም አልልም። ዘር የምንለው ራሱ አያቶቻችን የኖሩበት ዳገት ታሪክ ነው እያልኩ ነው። ዳገቱን አውጥቶ ደሙን ብቻ ማወደስ የአዝመራውን ምስጋና ለጎተራው መስጠት ነው።

እንግሊዛዊው ኮንራድ ዋዲንግተን እ.ኤ.አ. በ1942 ለዚህ ዓይነቱ ጽናት ስም አወጣለት። በአማርኛ «ቦይ መያዝ» ብለው የሚያስኬድ ይመስለኛል። የሚያድግ ፍጡር እንደ ውኃ ቦይ ይይዛል፤ በመንገዱ ላይ ድንጋይ ቢገጥመው፣ ከጎን ቢገፋ፣ ተመልሶ ወደ ቦዩ ይወርዳል። በ1957 መጽሐፉ ውስጥ ሥዕሉን ሠራው፦ በሸለቆዎች የተቆራረጠ ቁልቁለት፣ ከጫፉ ላይ ለመንከባለል የተዘጋጀ ኳስ። የሊማሊሞን ገደል ያየ ሰው ሥዕሉ አይከብደውም።

መጽሐፉን የሚጠቅሱ ሰዎች ይህንን የላይኛውን ሥዕል ነው የሚያሳዩት። ዋዲንግተን ግን ሁለተኛም ሥሏል፤ ያው ቁልቁለት ከሥር ሲታይ። ከታች መሬት ላይ ካስማዎች ተተክለዋል፣ ዘረመሎቹ ናቸው። ከየካስማው የሚነሱ ገመዶች እርስ በርስ ተጠላልፈው የቁልቁለቱን ወለል ይወጥሩታል። አንድን ሸለቆ ብቻውን የያዘ ገመድ የለም፤ አንዱም ገመድ አንድ ሸለቆ ብቻ ይዞ አይቀርም። ልብ በሉ፣ የኛ ተረትም ገመድ አላት፤ ልጓም። ግን የፈረሱን አፍ የሚስብ አንድ ጠፍር ነው የምታሳየን። የዋዲንግተኑ ከሰርግ ድንኳን ጋር ነው የሚመሳሰለው። የጥምቀት ማግሥት ጎንደር ውስጥ ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ገመድ ቢበጠስ ሚዜው እንኳ ሳያውቅ ሰርጉ ይቀጥላል።

ይህ ምሳሌ ብቻ እንዳይመስል፦ ለዳቦ በሚሆነው እርሾ ውስጥ 6,000 ያህል ዘረመሎች አሉ። ሳይንቲስቶች እያንዳንዱን በየተራ አውጥተው ሲጥሉ፣ እርሾው በደንብ እስከተመገበ ድረስ ከአምስት አራቱ ያህል በየግላቸው ቢጠፉም ሕይወቱ ይቀጥላል። ከአምስት አራቱ! አንድ አንድ ዘረመል አንድ አንድ ጠባይን እንደ ልጓም የሚስብ ቢሆን ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

ሚዜ ካልኩ አይቀር፣ በሴል ውስጥ ሌሎች ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ሳይስቱ እንዲታጠፉ የሚያግዙ ፕሮቲኖች አሉ። እኔ ሚዜ እላቸዋለሁ፤ ሙሽራው እንዳይደናቀፍ አጠገቡ የሚቆሙ። ሱዛን ራዘርፎርድና ሱዛን ሊንድኲስት እ.ኤ.አ. በ1998 ከነዚህ አንዱ የደከመባቸውን የፍሬ ዝንቦች ተመለከቱ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት የነበሩት ዝንቦች ጉድ አወጡ፤ አንዱ ዓይኑ ተበላሸ፣ አንዱ ክንፉ፣ አንዱ እግሩ። ብልሽቱ እንደየዘሩ ይለያያል። ልዩነቱ ድሮም ውስጣቸው ነበር፤ ሚዜው ሸፍኖት ኖሯል።

ለተረቷ አማኝ ከዚህ የከፋ ዜና ያለ አይመስለኝም። እሱ ሁለት ሰዎች ሲመሳሰሉ ደማቸው አንድ ነው ይላል፣ ሕዝብ ሲመሳሰል ዘሩ ንጹሕ ነው ይላል። ከላይ አንድ የሚመስለው ግን ከሥሩ ብዙ ነው። ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ሰርገኛ ጤፍ እንኳ ቢያንስ ቅልቅልነቱን አይደብቅም።

አሁን ተረቷ ራሷ ወደምትጠራው እንስሳ ልሂድ። እ.ኤ.አ. በ1938 ዋልተንና ሃመንድ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ግዙፉን የሻየር ፈረስ ከድንክየው የሼትላንድ ፈረስ ጋር አዳቀሉ። በአንድ በኩል እናቲቱ ግዙፍ፣ አባቱ ድንክ፤ በሌላው በኩል እናቲቱ ድንክ፣ አባቱ ግዙፍ። የውርንጭላዎቹ ዘር በሁለቱም በኩል ግማሽ በግማሽ ነው። ከድንኳ እናት የተወለደው ግን እናቱ ልትሸከመው በምትችለው ልክ ትንሽ ሆኖ ተወለደ፤ ከግዙፏ የተወለደው እጅግ ይበልጠው ነበር። ያው ዘር፣ ሌላ ማህፀን። በዚያ ማህፀን ውስጥ ልጓሙን የያዘው የአባቱ ደም አልነበረም።

ስለ ፈረስ መጻፍ ቀላል ነው። ስለ ልጆቻችን ቁመት ሲሆን ነው ተረቷ የምትመርረው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት እጅግ ያነሱ። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በደጋው አገር ይህን ለሰው ሲነግሩት የሚመልሰውን አውቃለሁ። «አባቱም አጭር ነው። አያቱም እንዲሁ ነበሩ። ዘር ነው።» እናት ትለዋለች፣ አስተማሪ ይለዋል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውም ሲለው ሰምቻለሁ።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ጥናት፣ አዲስ አበባ ላይ የቀነጨሩት 15 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባን የሞላት ሕዝብ ከሰማይ አልወረደም፤ ከጎንደርም ከጎጃምም ከወሎም ነው የመጣው። በአገር ደረጃ ደግሞ በ2000 የቀነጨሩት 58 በመቶ ነበሩ፣ በ2016 ወደ 38 ወረዱ። በ16 ዓመት ውስጥ የአንድ አገር ዘር አይለወጥም። አንዲት ልጅ ተወልዳ ለአቅመ ሔዋን ለመድረስ ያህል ብቻ ነው የሚበቃው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት እድገት መለኪያውን ሲያዘጋጅ በስድስት አገር ያሉ ልጆችን ተከታትሏል፤ ብራዚል፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ። የተመረጡት እናታቸው የምታጠባቸው፣ የማታጨስ፣ ኑሮው ያልጎደለባቸው ናቸው። ኖርዌጂያኑ ረጅም፣ ሕንዱ አጭር ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው ውጤቱ ያሳፍረዋል። ከቁመታቸው ልዩነት ውስጥ በአገርና በአገር መካከል ያለው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ 70 በመቶው በአንድ አገር ውስጥ በልጅና በልጅ መካከል ያለ ነው። የአክራ ልጅና የኦስሎ ልጅ በዘር ይለያያሉ፣ በአየር ይለያያሉ፣ በቋንቋ ይለያያሉ። ቦዩ ካልተደፈነ ግን በአንድ ቦይ ይወርዳሉ። ልጅ ታሞ ሲድን ደግሞ የቀረበትን ለመድረስ ከጓደኞቹ ፈጥኖ ያድጋል፣ ወደ መስመሩ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማንም ሳያዝዘው። እንግሊዛዊው ጄምስ ታነር ይህን ሲያጠና ዕድሜውን ፈጅቷል።

እንግዲህ የደባርቅ ልጅ አጭር ሆኖ ከቀረ ያጠረው ዘሩ ስለሳበው ነው ማለት ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው። እንዲያውም ስቦ የሚመልሰው ኃይል ስለተሸነፈ ነው። ከጽንስ ጀምሮ ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ምግቡ ሲጎድል፣ ተቅማጡ ሲደጋገም፣ እናቲቱ ነፍሰ ጡር ሆና እንጨትና ውኃ ስትሸከም፣ ቤተ ክርስቲያን ሳታስገድዳት ሁሉንም ጾም ስትጾም፣ ሰውነት ምርጫ ይገጥመዋል። ሁሉንም ማጽናት ካልቻለ አንዱን ይሠዋል። ቁመቱን ሰጥቶ ሕይወቱን ያተርፋል።

እዚህ ላይ ሌላኛው ተቃዋሚዬ ይነሳል፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ለስላሳ፣ ስለዚህም አደገኛ ነው። «አንተ ራስህ ሰውነት ራሱን ያጸናል አልክ። አምባራስ ላይ አየር ጎድሎ ደም አልጎደለም። እንግዲያው የደጋ ሰው ለምዶታል፣ ይችለዋል።» ይህ «ለምዶታል» የሚሉት ቃል ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ጤና ኬላ እንዳስቀረ የሚቆጥር ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

መልሴ አንገታችን ላይ ተንጠልጥሏል። በደጋ አገር ዝናቡ አፈሩን አጥቦ አዮዲኑን ይወስደዋል። አንገት ውስጥ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሥራዋን ለመሥራት አዮዲን ትፈልጋለች። ስታጣ ዝም አትልም፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ «አምጪ» እያለች ትጎተጉታታለች፣ እሷም ከደሙ ውስጥ ያለችውን ጥቂት አዮዲን አሟጣ ለመልቀም ትተልቃለች። በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ሳይጎድል ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ። ሰውየው ይሠራል፣ ያርሳል፣ ይወልዳል። አንገቱ ላይ ግን እንቅርት ያብጣል። እንቅርት ሰውነት የጸናበት ደረሰኝ ነው፤ ክፍያው እየከበደ ሲሄድ ጽናቱም ያልቃል፣ በማህፀን ያለው ልጅ አእምሮ ይጎዳል። ይህንንም ለብዙ ዘመን «ከቤተሰቡ ነው» ብለነዋል፤ እናት፣ ልጅ፣ አክስት ሁሉም አላቸውና። አንድ ጨው ይበሉ እንደነበር ያሰበ ጥቂት ነው። አዮዲን የሌለው ጨው ለምግብ እንዳይሸጥ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ደጋው ላይ ያለው ዘር ከደንቡ በፊትም በኋላም ያው ነበር።

በጤና ኬላዎች ውስጥ የሕፃናት እድገት መከታተያ ካርድ አለ፤ ለወንድ አንድ፣ ለሴት ሌላ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጁን መዝና ነጥብ ታደርግበታለች። የተሰመሩት መስመሮች የአክራ፣ የኦስሎ፣ የሙስካት፣ የኒው ዴልሂ ልጆች ያደጉባቸው ናቸው። ካርዱ ራስጌ ላይ የልጁ ስም ከነአባቱ ስም ይጻፋል፣ ከሌላው እንዲለይ። መስመሩ ግን የአባቱን ስም አይቶ አይታጠፍም።